«ዊንዶውስ 11 ልጫን» እያለ ለሚነዘንዝ ኮምፒውተር ምን ይደረጋል? ደረጃ በደረጃ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «ዊንዶውስ 11 ጫን እያለ መድረሻ አሳጣኝ፤ እንዴት ላስቁመው?» የሚል ጥያቄ የማይደርሰኝ ሳምንት የለም። የኪቶ ግቢ ተማሪም፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያለ የሂሳብ ሠራተኛም፣ ፈረንጅ አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችውም ጥያቄያቸው አንድ ነው። በቃል የነገርኳቸው ቤት እስኪደርሱ ስለሚጠፋባቸው እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዊንዶውስ በኢንተርኔት የሚያመጣላችሁ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየወሩ የሚመጣው የደህንነት አፕዴት ሲሆን ቫይረስ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለተኛው የቨርዥን ለውጥ ነው፤ ዊንዶውስ 10ን አንስቶ 11ን ይተካል። የሚያስመርራችሁ ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው ግን ተናዶ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘጋል። ከዚያ ከሰው የተዋሰው ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ አምጥቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ያጠፋበታል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የቨርዥን ለውጡን አስቁመው የደህንነቱን መንገድ ክፍት ለማድረግ የተሠሩ ናቸው።

ስክሪናችሁ ላይ በእንግሊዝኛ የሚታየውን ጽሑፍ እንደ አነባበቡ በፊደላችን አስቀምጬዋለሁ። ድምፁን እያነበባችሁ ስክሪኑ ላይ ፈልጉት።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ኮምፒውተር እና የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ አትንኩት፤ የአይሲቲ ክፍሉ በራሱ መንገድ አስተካክሎት ሊሆን ስለሚችል ትጋጫላችሁ።
- ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ከሌለ በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ።
- ለላፕቶፕ ቻርጀር፤ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ። ስታቢላይዘር ዩፒኤስን አይተካም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።
- የፓወር ግዕዝ፣ የፒችትሪ፣ የፕሪንተር ድራይቨር እና የመሳሰሉት ፕሮግራሞች መጫኛ ፋይሎች። ዛሬ ላያስፈልጓችሁ ይችላሉ፤ ነገር ግን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ መፈለግ አድካሚ ነው።
- የማይክሮሶፍት አካውንት፤ ለደረጃ 8 ብቻ።

አብዛኛው ደረጃ ኢንተርኔት አይፈልግም። እንዲያውም እስከ ደረጃ 3 ድረስ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሥሩ። ያለበለዚያ እናንተ ሴቲንግ ስትፈልጉ እሱ ከጀርባ ማውረዱን ይቀጥላል።

ማስጠንቀቂያ

ስክሪኑ ላይ «ዎርኪንግ ኦን አፕዴትስ» ብሎ በመቶኛ መቁጠር ከጀመረ በኋላ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭናችሁ አታጥፉት። ያን ጊዜ የሲስተም ፋይሎች በመቀያየር ላይ ናቸው፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ክረምት ላይ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ እንደሚበዛ ታውቃላችሁ፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከዴስክቶፕ አይሻልም።

ደረጃ 1፦ ያላችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «አር»ን ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደብሊው፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር የሚሉትን ፊደላት በእንግሊዝኛ አያይዛችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ቨርዥኑ 22ኤች2 ማለት አለበት። ይህ የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ቨርዥን ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አስቀድማችሁ ወደ 22ኤች2 አሳድጉት፤ ደረጃ 8 ላይ ያለው የተራዘመ የደህንነት አገልግሎት ከዚህ በታች ላለ ቨርዥን አይሰጥም።

ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ግቡ። ሁለት ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ፦ ኤዲሽኑ ሆም ነው ወይስ ፕሮ? ፕሮሰሰሩስ ምንድን ነው?

የፕሮሰሰሩን ስም ማንበብ ብዙ ሰው ይቸገርበታል። ኢንቴል ከሆነ «ኮር አይ5-6200ዩ» ዓይነት ስም ታያላችሁ። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱን ይነግራል፤ 6200 ማለት ስድስተኛ ትውልድ፣ 8250 ማለት ስምንተኛ ትውልድ ነው። በ10 ወይም በ11 ከጀመረ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ቀጣዩን መንገድ ስለሚወስን ነው። ፕሮሰሰራችሁ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ከሆነ (ከላይ ካልኳቸው ጥቂቶች በስተቀር) ዊንዶውስ አፕዴት ወደ 11 አያሸጋግራችሁም፤ አይችልም። የምታዩት ማሳሰቢያ «ጊዜው አልፏል፣ አዲስ ኮምፒውተር ግዙ» የሚል ነው እንጂ የመጫን ሙከራ አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ ብዙዎቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ። ለእናንተ ደረጃ 4 እና 5 አያስፈልግም፤ 2ን፣ 3ን እና ከ6 እስከ 9 ያሉትን ሥሩ። ፕሮሰሰራችሁ ስምንተኛ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሁሉንም በቅደም ተከተል ሥሩ።

ደረጃ 2፦ ፋይላችሁን ገልብጡ

ዴስክቶፕ ላይ፣ ዶክመንትስ ውስጥ እና ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን ወደ ኤክስተርናል ገልብጡ። ፒችትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ አውጡ፤ ፎልደሩን ብቻ መገልበጥ አይበቃም። ስትጨርሱ ኤክስተርናሉን ንቀሉት፤ እንደተሰካ ከቆየ ኮምፒውተሩን የያዘ ቫይረስ እሱንም ይይዘዋል።

በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ዲስካችሁ በቢትሎከር ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። የመክፈቻ ቁልፉ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ አውጡትና በወረቀት ላይ አስቀምጡት። ከትልቅ ለውጥ በኋላ ኮምፒውተሩ ይህን ቁጥር ጠይቆ ባለቤቱ ካላወቀው ፋይሉን የሚያወጣለት ባለሙያ የለም።

ደረጃ 3፦ ኔትወርኩን «ሚተርድ» አድርጉት

አንዱን ደረጃ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ የዳታ ፓኬጃችሁን ከመበላት የሚያድነው እሱ ነው። የዊንዶውስ 11 ሙሉ መጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ተማሪ ለወር የገዛው ፓኬጅ በአንድ ከሰዓት ሲያልቅበት ኢንተርኔቱን ወይም ስልኩን ይጠረጥራል፤ የበላው ግን ላፕቶፑ ነው።

1. አሁን የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን አገናኙ።
2. ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ስታተስ ግቡ።
3. ከተገናኛችሁበት ኔትወርክ ስም ሥር «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ተጫኑ።
4. ወደ ታች ወርዳችሁ «ሴት አዝ ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ኦን አድርጉ።
5. ወደ ሴቲንግስ ተመለሱ፤ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቡ። «ዳውንሎድ አፕዴትስ ኦቨር ሚተርድ ኮኔክሽንስ» የሚለው ኦፍ መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ኦን ከሆነ ከላይ የሠራችሁት ከንቱ ነው።

ዊንዶውስ ይህን ሲያይ «ባለቤቱ በሜጋባይት እየከፈለ ነው» ብሎ ስለሚያስብ ትልልቅ ፋይሎችን ሳይጠይቅ አያወርድም።

ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ሴቲንጉ የሚሠራው ለዚያ ለአንዱ ኔትወርክ ብቻ ነው። የእናንተን ሆትስፖት ሚተርድ አድርጋችሁ ነገ በጓደኛችሁ ሆትስፖት ብትገቡ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የሆትስፖታችሁን ስም ስትቀይሩም እንደዚያው። በዩኤስቢ ገመድ ከስልክ ኢንተርኔት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያየው ዋይፋይ ሳይሆን ኢተርኔት ነው፤ ስለዚህ በገመድ እንደተገናኛችሁ ከ2 እስከ 4 ያለውን ድገሙት።

ሚተርድ ሲሆን ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ) ማመሳሰሉን ሊያቆም፣ ከስቶር የመጡ አፖችም በራሳቸው መታደስ ሊተዉ ይችላሉ። ብልሽት አይደለም፤ የፈለጋችሁት ይህንኑ ነው።

ደረጃ 4፦ ግብዣውን በትክክለኛው ቁልፍ እምቢ በሉ

ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «አፕግሬድ ቱ ዊንዶውስ 11 ኢዝ ሬዲ» የሚል ነገር ካያችሁ ሁለት ምርጫ አለው። ትልቁና ባለ ቀለሙ «ዳውንሎድ ኤንድ ኢንስቶል» ነው። ከጎኑ ወይም ከሥሩ በቀጭን ጽሑፍ «ስቴይ ኦን ዊንዶውስ 10 ፎር ናው» ይላል። የእናንተ ምርጫ ቀጭኑ ነው።

አንዳንዴ ግብዣው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሙሉ ስክሪን ሞልቶ ይመጣል። የቁልፎቹ ቦታና ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ቦታውን ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ። «ኪፕ ዊንዶውስ 10» ወይም «ዲክላይን» የሚል ካለ እሱን ተጫኑ። «ሪማይንድ ሚ ሌተር» እምቢ ማለት አይደለም፤ ቀጠሮ መስጠት ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። «ስኬጁል» የሚለውን ከተጫናችሁ ደግሞ ተስማምታችኋል ማለት ነው፤ በቀጠረው ሰዓት ይጭናል። ልጆች ወይም ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ከሆነ ይህን ንገሯቸው። ሳይነበብ ቶሎ የተጫነ አንድ ቁልፍ ከዚህ በፊት የሠራችሁትን ሁሉ ይሽረዋል።

ፋይሉን አውርዶ ከጨረሰና «ሪስታርት» እያለ ከሆነ ጊዜው ገና አላለፈም። ኢንተርኔቱን አጥፉ። በስታርት ሜኑ «ዲስክ ክሊንአፕ» ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ፣ ሲ ድራይቭን ምረጡ፣ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» በሉ። ከዝርዝሩ «ቴምፖራሪ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን ፋይልስ» የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጋችሁ አጥፉ። ሌላውን አትንኩ፤ በተለይ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚል ካለ ተዉት። ምክንያቱን ታች ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ቨርዥኑን 22ኤች2 ላይ ቆልፉ (ፕሮ ላላቸው)

እስካሁን ያደረግነው መከልከል ነው፤ ይህ ግን ለዊንዶውስ «ከዚህ ቨርዥን አትለፍ» ብሎ ትእዛዝ መስጠት ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ለድርጅቶች ያዘጋጀው መንገድ ስለሆነ ምንም ነገር አይሰብርም። ሆም ኤዲሽን ውስጥ ይህ መስኮት የለም።

1. የዊንዶውስ ቁልፍ እና «አር»ን ተጭናችሁ ጂ፣ ፒ፣ ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ቲ፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ኢንተር።
2. በግራ በኩል በቅደም ተከተል ክፈቱ፦ ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ዊንዶውስ አፕዴት ፎር ቢዝነስ።
3. በቀኝ በኩል «ሴሌክት ዘ ታርጌት ፊቸር አፕዴት ቨርዥን» የሚለውን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ።
4. «ኢኔብልድ» ምረጡ።
5. ከታች ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ። በመጀመሪያው ዊንዶውስ 10 ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ በቃሉና በቁጥሩ መካከል አንድ ክፍተት ይኑር። በሁለተኛው 22ኤች2፤ ኤች በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ምንም ክፍተት።
6. አፕላይ፣ ኦኬ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ።

የመጀመሪያውን ሳጥን ባዶ አትተዉ። የቨርዥኖቹ ስም በሁለቱም ዊንዶውስ ተመሳሳይ ነው፤ ዊንዶውስ 11ም የራሱ 22ኤች2 አለው። የትኛውን እንደምትፈልጉ የሚለየው የመጀመሪያው ሳጥን ነው።

ከዚህ በኋላ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ሳም ሴቲንግስ አር ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሰው ይህን አይቶ «ተጠለፍኩ» ብሎ ይደውልልኛል። አልተጠለፋችሁም፤ «ድርጅቱ» የተባላችሁት እናንተ ናችሁ። ደረጃ 8ን ከሠራችሁ የደህንነት አፕዴቶች መምጣታቸውን ይቀጥላሉ።

ይህ ቁልፍ በእጅ የሚጫንን ነገር አያግድም። አንድ ሰው የዊንዶውስ 11 መጫኛ በፍላሽ አምጥቶ ቢከፍተው ይጫናል። ሆም ያላችሁ ደግሞ በደረጃ 3 እና 4 ላይ ተማመኑ። የሆም ኮምፒውተርን በክራክ ወደ ፕሮ ለመቀየር አትሞክሩ፤ ክራኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ በሥራ መሀል ሪስታርት እንዳያደርግ

ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ቼንጅ አክቲቭ አወርስ» የሚለውን ክፈቱ። በራሱ የሚያስተካክለውን ኦፍ አድርጉና የሥራ ሰዓታችሁን ራሳችሁ ሙሉ። እስከ 18 ሰዓት ድረስ ይፈቅዳል፤ በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ለአፕዴት ብሎ በራሱ አይጠፋም።

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የሚሠራ ሰው 2 ኤኤም እና 11 ኤኤም ብሎ ከሞላ፣ ኮምፒውተሩ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ ብሎ ያስባል፤ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል። ትክክለኛው 8 ኤኤም እና 5 ፒኤም ነው። እስከ ማታ 3 ሰዓት የምትሠሩ 9 ፒኤም አድርጉት።

አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ «ሪስታርት ዚስ ዲቫይስ አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» ብሎ የሚጀምረውን ኦፍ፣ «ሾው ኤ ኖቲፊኬሽን» የሚለውን ኦን አድርጉ።

ደረጃ 7፦ ንዝነዛውን ዝም አሰኙ

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ አክሽንስ። እዚያ «ዌልካም ኤክስፒሪየንስ»፣ «ሰጀስት ዌይስ» እና «ቲፕስ፣ ትሪክስ ኤንድ ሰጀስሽንስ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸው ሦስት ሳጥኖች አሉ። የሦስቱንም ምልክት አንሱ። ማሳሰቢያው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በጣም ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ የተራዘመውን የደህንነት አገልግሎት ተመዝገቡ

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጅ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተመዘገበ የግል ኮምፒውተር ወርሃዊ የደህንነት አፕዴት አያገኝም። ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመው አገልግሎት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13 ቀን 2026) ይቆያል። ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርታችሁ ይህን ከተዋችሁ በሩን ክፍት ትታችሁ መስኮት እንደ መዝጋት ነው።

1. በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ የቀረ አፕዴት ካለ ጭናችሁ ሪስታርት አድርጉ።
2. በዚያው ገጽ «ኤንሮል ናው» የሚለውን ተጫኑ። ካልታየ 1ን ድገሙ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አፕዴት ስለጎደለ ነው።
3. በማይክሮሶፍት አካውንት ግቡ። አካውንቱ አድሚኒስትሬተር መሆን አለበት።
4. ሦስት ምርጫ ይቀርብላችኋል፦ ሴቲንጋችሁን በዊንዶውስ ባክአፕ በማመሳሰል በነፃ፣ በ1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ወይም በ30 ዶላር። ዶላር መክፈል ለአብዛኞቻችን ስለማይመች የመጀመሪያውን ውሰዱ።

ባክአፑን ስታበሩ ሴቲንጉ ብቻ ይመሳሰል። ፎልደሮችን ማለትም ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን አብሮ ወደ ዋንድራይቭ ልስቀል ካላችሁ ኦፍ አድርጉት። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የዳታ ፓኬጃችሁም በመስቀል ያልቃል። አንድ አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ስለሚያስመዘግብ ቤት ውስጥ ያሉትን በአንዱ አስመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ በወር አንድ ቀን አፕዴት አድርጉ

ሚተርድ ስላደረጋችሁ የደህንነት አፕዴቱም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁት። ማይክሮሶፍት ወርሃዊውን አፕዴት የሚለቀው በፈረንጅ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ሲሆን በእኛ ሰዓት ምሽት ላይ ይሆናል። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ምረጡ። የግቢ ዋይፋይ ያላችሁ እዚያ፣ የሌላችሁ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ሥሩት። መጠኑ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው።

ቻርጀሩን ሰኩ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» በሉ። «ዳውንሎድ» የሚል ቁልፍ ከመጣ ዝርዝሩን አንብቡ፤ ዊንዶውስ 11 የሚል ካልተጻፈበት ተጫኑት። ሲጨርስ በዚያው ሪስታርት አድርጉ። «ነገ አደርገዋለሁ» ካላችሁ ነገ ትምህርት ክፍል ፕሬዘንቴሽን ልታቀርቡ ስትከፍቱት ነው መቁጠር የሚጀምረው።

ሳላውቅ ወደ 11 ተሻግሬያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ከተሻገራችሁ 10 ቀን ካልሞላ መመለስ ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ «ጎ ባክ»። ምክንያት ይጠይቃል፤ ማንኛውንም ምረጡ። «አፕዴት ካደረጋችሁ ችግሩ ይፈታል» ሲል «ኖ ታንክስ» በሉና ቀጥሉ። ፋይላችሁ አይጠፋም፤ ከተሻገራችሁ በኋላ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ፤ የቀየራችሁት ሴቲንግም እንዲሁ።

መመለሻው አሮጌው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ፎልደር ነው። ደረጃ 4 ላይ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን»ን አትንኩ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ካጠፋችሁት «ጎ ባክ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። 10 ቀን ካለፈም ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ መጫን ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በተሻገራችሁ በመጀመሪያው ቀን ፕሪንተሩን፣ ፓወር ግዕዙን፣ ፒችትሪውን ወይም ኤስፒኤስኤሱን ክፈቱና ሞክሩ። ችግር ካለ ያኔውኑ ተመለሱ።

ብዙ ኮምፒውተር ላለው የጽሕፈት ቤት

አምስት ኮምፒውተር ላይ አንዱን አፕዴት አምስቴ አታውርዱ። ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ግቡና «አላው ዳውንሎድስ ፍሮም አዘር ፒሲስ»ን ኦን አድርጉ፤ ከሥሩ «ፒሲስ ኦን ማይ ሎካል ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡ። «ኦን ዚ ኢንተርኔት» የሚጨምረውን አትምረጡ፤ የእናንተን ዳታ ለማታውቁት ሰው ታከፋፍላላችሁ። ሚተርድ በሆነ ኔትወርክ ላይ ይህ መጋራት ስለማይሠራ በአፕዴቱ ቀን ሚተርዱን ኦፍ አድርጉ። አንዱ ኮምፒውተር አውርዶ እስኪጨርስ ሌሎቹን አቆዩ። ማታ ስትዘጉ ሚተርዱን መልሱ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የዊንዶውስ አፕዴት ሰርቪስን ማጥፋት። ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ሊያስነሳው ይችላል፤ ካላስነሳው ደግሞ የደህንነቱም አፕዴት ይቀራል። በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው።
- «ፖዝ አፕዴትስ»ን እንደ ዘላቂ መፍትሔ መቁጠር። ዊንዶውስ 10 ላይ ከፍተኛው 35 ቀን ነው። ገደቡ ሲሞላ ያለውን አፕዴት ሳይጭን ሁለተኛ አያቆምላችሁም። ለፈተና ሳምንት ጥሩ ነው፤ ለዓመት አይሆንም።
- ከማይታወቅ ቦታ «አፕዴት ብሎከር» ማውረድ። የሚሠራውን አታውቁም፤ የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ግን ትሰጡታላችሁ።
- በማይመጥን ኮምፒውተር ላይ መስፈርቱን በመዝለል ዊንዶውስ 11 ማስጫን። ይነሳል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ያለ ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሏል። ጫኝው ብር ተቀብሎ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ችግር የእናንተ ነው።
- «አፕዴት ኤንድ ሻት ዳውን» እና «ሻት ዳውን»ን አለመለየት። ባትሪያችሁ ሊያልቅ 5 ፐርሰንት ቀርቶት ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ።
- ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር። ባነሳችሁት ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ትንሽ ክብ ባትሪ ሞቷል። ቀኑ ካልተስተካከለ አፕዴቱም፣ የደረጃ 8 ምዝገባም፣ ድረ ገጾችም «ሴኪዩር አይደለም» እያሉ ይመልሷችኋል። ባትሪውን ቀይሩና ከደረጃ 1 ጀምሩ።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሆናችሁም ንዝነዛው ካልቀረ

እዚያም የቨርዥን ለውጥ አለ፤ የሆምና የፕሮ አንድ ቨርዥን ድጋፉ የሚቆየው 24 ወር ነው። ሚተርዱ፣ አክቲቭ አወርሱ እና ወርሃዊው ቀን እንዳሉ ይሠራሉ። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ጌት ዘ ሌተስት አፕዴትስ አዝ ሱን አዝ ዜይር አቬይለብል» የሚለውን ኦፍ አድርጉ፤ ኦን ከሆነ አዲሱን ነገር ከሌላው ሰው ቀድማችሁ የምትሞክሩት እናንተ ናችሁ። ፕሮ ካላችሁ ደረጃ 5 ይሠራል፤ ፎልደሩ ግን «ማኔጅ አፕዴትስ ኦፈርድ ፍሮም ዊንዶውስ አፕዴት» ይባላል። በመጀመሪያው ሳጥን ዊንዶውስ 11፣ በሁለተኛው አሁን ያላችሁበትን ቨርዥን ጻፉ። የቨርዥኑ ድጋፍ ከማለቁ በፊት ቁጥሩን ወደ ቀጣዩ መቀየር እንዳትረሱ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ።